አምስት ቁልፍ፣ አምስት ድምፅ፦ በድሬዳዋ ሳሎን ውስጥ የቪዲዮ ጌም ባንድ ለማቋቋም የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተጻፈው በድሬዳዋም ሆነ በሐረር ለሚኖሩ፣ አንድ ላፕቶፕና አንድ ቴሌቪዥን ላላቸው፣ ሙዚቃ አብረው መጫወት ለሚፈልጉ አራት ሰዎች ነው። ከአራቱ አንዳቸውም መሣሪያ መጫወት ባይችሉ ችግር የለውም። የሙዚቃ ምት ጌም ተጫዋቹ በስክሪኑ ላይ ወደ እርሱ የሚወርዱትን ባለ ቀለም ኖታዎች ከዘፈኑ ምት ጋር እኩል እንዲመታ ይጠይቀዋል፤ በትክክል ሲመታ የያዘው መሣሪያ ድምፅ ይሰማል፣ ሲስት ድምፁ ከዘፈኑ ውስጥ ይጠፋል። አንዱ ጊታር፣ አንዱ ቤዝ፣ አንዱ ድራም ሲይዝና አንዱ ሲዘፍን ጨዋታው ባንድ ይሆናል፤ የአንዱ መሳሳት የሁሉንም ዘፈን ያጎድላልና እርስ በርስ መደማመጥ ግድ ይላል።

ከዚራ በሚገኘው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ከታናሽ ወንድሜና ከሁለት የጎረቤት ልጆች ጋር ስጫወት የተረዳሁት፣ ባንዱን የሚያቆሙት ውድ መሣሪያዎች ሳይሆኑ ሁለት የትዕግሥት ሥራዎች መሆናቸውን ነው። አንደኛው የድምፁንና የምስሉን መዘግየት ማስተካከል ሲሆን፣ ሁለተኛው የራስን ዘፈን ወደ ጨዋታው ማስገባት ነው። ስለዚህ ሌላውን ፈጠን ብዬ አልፍና በእነዚህ በሁለቱ ላይ እቆያለሁ።

ጌሙን መምረጥ

ጊታር ሂሮ እ.ኤ.አ. በ2005 ለፕሌይስቴሽን 2 ወጣ። የሠራው ሃርሞኒክስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ሮክ ባንድን ሲያወጣ ድራምና ማይክ ጨምሮ ጨዋታውን ወደ አራት ሰው አሳደገው። ፕሌይስቴሽን 2 አሁንም በቤትዎ ካለና የጊታር ሂሮ ሲዲ ካገኙ፣ የፕላስቲክ ጊታር ባይኖርዎትም በተራው ጆይስቲክ መጫወት ይቻላልና ለመለማመጃ ይጠቀሙበት። ሆዱ ወደ ኋላ የወጣው አሮጌ ቴሌቪዥን ደግሞ ምስሉን የማያዘገይ በመሆኑ ለዚህ ጨዋታ ከብዙ አዳዲስ ስክሪኖች ይሻላል።

ለአራት ሰው ባንድ ግን የምመክረው በኮምፒውተር ላይ በነጻ የሚጫኑትን ክሎን ሂሮንና ያርግን ነው። ሁለቱም አንድ ጊዜ ከወረዱ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፣ ሰው ራሱ ያዘጋጀውን ዘፈንም ይቀበላሉ። ክሎን ሂሮ ለጊታር፣ ለቤዝና ለድራም የተመቸ ሲሆን በአንድ ስክሪን ላይ እስከ አራት ሰው ያጫውታል፤ የዘፋኙን ድምፅ ግን አይመዝንም። ያርግ ማይክ ተቀብሎ ዘፋኙንም ነጥብ ስለሚሰጠው ሙሉ ባንድ ለሚፈልግ ሰው ያርግ ይበልጣል። ሃርሞኒክስን እ.ኤ.አ. በ2021 የገዛው ኤፒክ ጌምስ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ያወጣው ፎርትናይት ፌስቲቫልም በነጻ የሚገኝ የአራት ሰው ጨዋታ ነው፤ ሆኖም ሁልጊዜ ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ የራስን ዘፈን ለማስገባትም እንደ ሁለቱ አያመችም። ዳታ እየገዛ ለሚጫወት ቤተሰብ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

መሣሪያዎቹን ማሰባሰብ

ለመጀመር ሁለት የዩኤስቢ ጆይስቲክ፣ የላፕቶፑ ኪቦርድና አንድ የዩኤስቢ ማይክ ይበቃሉ። ጆይስቲኮቹን ጊታርና ቤዝ የሚጫወቱት ይያዙ፤ ኪቦርዱ ለድራም ይሁን። በጌሙ ማስተካከያ ገጽ ላይ እያንዳንዱን ቀለም ለሚስማማዎት ቁልፍ መስጠት ይቻላል። ኪቦርድ የሚጠቀም ሰው አስቀድሞ አንድ ነገር ይፈትሽ፤ ርካሽ ኪቦርዶች ሦስት ወይም አራት ቁልፎች በአንድ ጊዜ ሲጫኑ ከመካከላቸው አንዱን አይሰሙም። የመረጧቸውን ቁልፎች በማስታወሻ መጻፊያ ገጽ ላይ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት እያደረጉ ይጫኗቸው፤ የጎደለ ፊደል ካለ ሌሎች ቁልፎች ይምረጡ። ይህን ሳያውቁ የሚጫወቱ ሰዎች ጥፋቱን በጣታቸው ላይ ይጭናሉ።

እውነተኛውን የፕላስቲክ ጊታር የሚፈልጉ ከሆነ ታይዋን ገበያ ሲያልፉ መጠየቅ አይከፋም፤ አስተማማኙ መንገድ ግን ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያገለገለ ገዝቶ እንዲያመጣ መለመን ነው። ሲለምኑ ዓይነቱን ለይተው ይንገሩት። ለኤክስቦክስ 360 የተሠራው ባለ ሽቦ ጊታር በቀጥታ ዩኤስቢ ላይ ይሰካል። የፕሌይስቴሽን 3 ጊታር ያለ ሽቦ የሚሠራ በመሆኑ አብሮት የሚሸጠውን ትንሽ የዩኤስቢ መቀበያ ይፈልጋል፤ መቀበያው የጠፋበት ጊታር የሚያምር ፕላስቲክ ብቻ ነው። ዊ ለተባለው የኒንቴንዶ የጌም ማሽን የተሠራው ጊታር ደግሞ ለብቻው የሚገዛ ማገናኛ ያስፈልገዋል።

ድራሙን በቤት መሥራት ይቻላል፣ እኛም ሠርተነዋል። የማይፈለግ የዩኤስቢ ጆይስቲክ ይፍቱና በአምስት ቁልፎች ሥር ያሉትን ሁለት ሁለት መስመሮች ላያቸው ላይ ያለውን ጥቁር ቅብ በቢላ ፍቀው መዳቡን ያውጡ፤ በእያንዳንዱ ላይ ቀጭን ሽቦ በስታኞ ይበይዱ። ከዚያ አራት የጣውላ ክቦች ያዘጋጁና በእያንዳንዱ ላይ አንድ ፎይል፣ በፎይሉ ላይ መሐሉ የተበሳ ስስ ስፖንጅ፣ በስፖንጁ ላይ ሌላ ፎይል፣ ከሁሉም በላይ ከጎማ ካላማዳሪያ የተቆረጠ ሽፋን ያድርጉ። ከአንድ ቁልፍ ከመጡት ሁለት ሽቦዎች አንዱ ከታችኛው፣ ሌላው ከላይኛው ፎይል ጋር ይያያዛል። ጎማው ሲመታ ሁለቱ ፎይሎች በቀዳዳው በኩል ይነካካሉ፣ ጆይስቲኩም ቁልፍ የተጫነ ይመስለዋል። አምስተኛው በእግር የሚረገጠው ነው። አንድ ምት ሁለት ሆኖ ከተቆጠረ ስፖንጁ በጣም ለስላሳ ነው ማለት ነውና ጠንከር ባለ ይተኩት። በሮክ ባንድ ሥርዓት አራቱ ክቦች ከግራ ወደ ቀኝ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ሲሆኑ የእግሩ ብርቱካናማ ነው፤ ይህን ቅደም ተከተል መጠበቅ ሌሎች ያዘጋጇቸውን ዘፈኖች ሲጫወቱ ይጠቅማል።

ሳሎኑንና ሙቀቱን ማሰናዳት

ስክሪኑ ቆመው ለሚጫወቱት በዓይን ቁመት ትክክል ይሁን። ድራሙን ምንጣፍ ላይ ያስቀምጡ፣ ማይኩንም ወደ ስፒከሩ አያዙሩት፤ አለበለዚያ ፉጨት ይመጣል። የድሬን ሙቀት ደግሞ መናቅ አይገባም። ላፕቶፕ ሲግል ራሱን ለማብረድ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ያን ጊዜ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ኖታዎቹም ዘለል ዘለል ይላሉ። ከሥሩ አራት የጠርሙስ ክዳኖች አድርገው ከፍ ያድርጉት፣ ፋን ያዙሩለት፣ ልምምዱንም ከተማው ከሚያንቀላፋበት ከቀትር በኋላ ይልቅ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ያድርጉ። የምሽት ልምምድ ጎረቤትን እንዳያስቸግር ሰዓቱን አስቀድሞ ማስታወቅ ያስፈልጋል፤ በእኛ ሰፈር ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ድራም እንደማይመታ ተስማምተናል።

መዘግየትን ማስተካከል

ወደ ዋናው ሥራ ደርሰናል። ባንዱን በጀመርንበት ሳምንት ወንድሜ ድራሙን ሁልጊዜ ያዘገይ ነበር። ቀስ ብዬ ነገርኩት፣ ቆየት ብዬም ተቆጣሁት፣ እርሱም ከባንዱ ሊወጣ ደረሰ። በኋላ እንደታወቀው የዘገየው ልጁ ሳይሆን በብሉቱዝ የተገናኘው ስፒከር ነበር። እርሱ የሚሰማውን ምት በታማኝነት ይከተል ነበር፤ የሚሰማው ግን ያለፈ ምት ነበር። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ይህን ክፍል በረጅሙ የምጽፈውም ሌላው ሰው ወንድሙን በከንቱ እንዳይወቅስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጌሙ አንድ ምት በትክክል ተመታ የሚለው ጣትዎ ከተወሰነው ቅጽበት ከ100 ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ሲያርፍ ነው። አንድ ሰከንድ 1000 ሚሊ ሰከንድ ስለሆነ ይህ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ያነሰ ጊዜ ነው። ብሉቱዝ ስፒከር ብቻውን ድምፁን ከ100 እስከ 300 ሚሊ ሰከንድ ሊያዘገይ ይችላል። ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ደግሞ ምስሉን ለማሳመር በሚሠራው ሥራ ምክንያት በአሥሮች የሚቆጠሩ፣ አንዳንዱም ከ100 በላይ ሚሊ ሰከንድ ያዘገያል። ሁለቱ መዘግየቶች የተለያዩ በመሆናቸው ዓይን አንድ ነገር ሲል ጆሮ ሌላ ይላል።

በመጀመሪያ መዘግየቱን ከሥሩ ይቀንሱ። ስፒከሩን በሽቦ ያገናኙ፤ ብሉቱዝ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ቴሌቪዥኑን ከላፕቶፑ ጋር በኤችዲኤምአይ ኬብል ያያይዙና በቴሌቪዥኑ የምስል ማስተካከያ ውስጥ ለጌም የተዘጋጀውን ምርጫ ያብሩ፤ ይህ ምርጫ የማሳመሩን ሥራ ስለሚያስቀር ምስሉ ቶሎ ይደርሳል። ከስፒከሩ ያለዎት ርቀት ግን አያስጨንቅዎት። በ30 ዲግሪ ሙቀት ድምፅ በሰከንድ 350 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ በአራት ሜትር ሳሎን ውስጥ የሚፈጠረው መዘግየት ከ12 ሚሊ ሰከንድ አይበልጥም።

ቀጥሎ የቀረውን በጌሙ የማስተካከያ ገጽ ላይ ይለኩ። ከድምፁ ይጀምሩ። ገጹ ተከታታይ ምት ያሰማዎታል፣ እርስዎ ከምቱ ጋር እኩል ቁልፍ ይመታሉ። ይህን ሲያደርጉ ዓይንዎን ይጨፍኑ። የመጀመሪያዎቹን አራት አምስት ምቶች ሳይመቱ ያዳምጡ፣ እግርዎ ምቱን ሲይዝ ይጀምሩ፣ ቢያንስ ሃያ ጊዜ ይምቱ። የተገኘውን ቁጥር ወረቀት ላይ ይጻፉና እንደገና ይለኩ፤ ሦስት ጊዜ ለክተው መካከለኛውን ይውሰዱ። ሦስቱ ቁጥሮች እርስ በርስ ከ20 ሚሊ ሰከንድ በላይ ከተራራቁ የለካው ሰው ስለደከመ ሌላ ሰው ይለካ። ከዚያ የምስሉን መዘግየት በተመሳሳይ መንገድ ይለኩ፤ በዚህ ጊዜ ድምፁን ዘግተው በዓይን ብቻ ይከተሉ።

ቁጥሮቹ ትክክል መሆናቸውን የሚያረጋግጥ አንድ ፈተና አለ። በጣም ቀላል የሆነ፣ ቤዙ እኩል እኩል የሚሄድ ዘፈን ይክፈቱና ለጥቂት ጊዜ እያዩ ይጫወቱ፤ ምቱን ሲይዙ ዓይንዎን ጨፍነው ይቀጥሉ። ዓይን ተከፍቶ የሚመቱት ዓይን ሲጨፈን የሚያመልጥዎት ከሆነ የድምፁ ቁጥር ተሳስቷል። በጆሮ ብቻ ሲጫወቱ ተሳክቶ ስክሪኑን ሲያዩ ከተበላሸ ደግሞ የምስሉ ቁጥር ነው። ይህን ፈተና አራቱም ሰዎች በየተራ ይውሰዱት።

ቴሌቪዥን ወይም ስፒከር በተቀየረ ቁጥር ልኬቱ ይደገማል። በተለይ መብራት ሲጠፋ በላፕቶፑ ባትሪ ለመቀጠል ለሚፈልጉ፣ የላፕቶፑ ስክሪንና የራሱ ድምፅ ማጉያ ከቴሌቪዥኑ የተለየ ቁጥር አላቸው። ሁለቱንም አስቀድመው ለክተው በአንድ ካርቶን ላይ ጽፈው ከላፕቶፑ ጀርባ ይለጥፉ፤ መብራት ሲጠፋ ቁጥሩን መቀየር የሚፈጀው ግማሽ ደቂቃ ነው።

ቦታ መከፋፈልና ልምምድ

ድራሙ ላይ የሚቀመጠው ፈጣን እጅ ያለው ሳይሆን የማይቸኩል ሰው ይሁን። ለጀማሪ ቤዝ ጥሩ ቦታ ነው፤ ኖታዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ከድራሙ ጋር አብሮ መሄድን ያስተምራል። በየሁለት ሳምንቱ ቦታ መቀያየር መልካም ነው፤ አንድ ጊዜ ድራም የመታ ጊታር ተጫዋች ከዚያ በኋላ ድራሙን መስማት ይጀምራል።

በጊታር ሂሮ ሥርዓት በቀላሉ ደረጃ አረንጓዴ፣ ቀይና ቢጫ ብቻ ይመጣሉ፤ በመካከለኛው ሰማያዊ ይጨመራል፣ ከዚያ በላይ ብርቱካናማው ይመጣል። ብርቱካናማው ሲመጣ ትንሿን ጣት ከመዘርጋት ይልቅ እጅን በሙሉ በአንድ ቁልፍ ማንሸራተት ይልመዱ። አስቸጋሪ ክፍል ሲያጋጥም በልምምድ ገጹ የዘፈኑን ፍጥነት ወደ 60 ወይም 70 ከመቶ ዝቅ አድርገው ያን ክፍል ብቻ ይደጋግሙ። የኖታዎቹ መውረጃ ፍጥነት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ጀማሪዎች ቀስ ብሎ ሲወርድ የሚቀል ይመስላቸዋል፣ ነገር ግን ቀስ ሲል ኖታዎቹ ተጠጋግተውና ተደራርበው ስለሚታዩ ማንበብ ይከብዳል። ትንሽ ያፍጥኑት፣ ይገላለጣል።

ነጥብ የሚያድገው ባለመቋረጥ ነው። በጊታር ሂሮ አሥር ኖታ ሳይስቱ ሲመቱ እያንዳንዱ ኖታ እጥፍ ይሆናል፣ በሃያ ሦስት እጥፍ፣ በሠላሳ አራት እጥፍ ይደርሳል። የሚያበሩ ኖታዎችን በሙሉ የሰበሰበ ተጫዋች ደግሞ የተጠራቀመውን ኃይል ለቅቆ ነጥቡን እንደገና ያጥፋል፤ በሮክ ባንድ ሁለት ሦስት ሰው ኃይሉን አብረው ሲለቁ የባንዱ ብዜት ይደመራል። ስለዚህ ምልክት ያስፈልጋል። በእኛ ባንድ ዘፋኟ «አቦ!» ስትል ሁላችንም እንለቃለን፤ ይህች ቃል በድሬና በሐረር ሰው አፍ ላይ ሳትጠፋ ስለምትውል ማንም አይረሳትም።

የራስን ዘፈን ማስገባት

አሁን እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው ሥራ ቀረ። ሌሎች ያዘጋጇቸው ዘፈኖች በአብዛኛው የውጭ ሮክ ናቸው፤ ለመለማመጃ ይጠቅማሉ፣ ሆኖም አያቴ በሩ ላይ ቆማ እስክስታ የወረደችው ክራር የገባበትን ዘፈን ስንጫወት ነው። ድሬ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1950ዎቹ አፍራን ቀሎ የተባለው ባንድ የተመሠረተባትና ዓሊ ቢራ ገና በልጅነቱ መዝፈን የጀመረባት ከተማ ናት። እንዲህ ባለች ከተማ ያለ ባንድ የራሱን ዜማ ሳይጫወት ቢቀር የሚቆጨኝ ለዚህ ነው።

ደግሞም የጨዋታው ጊታርና የእኛ ዜማ በሚገርም ሁኔታ ይገጣጠማሉ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ቅኝቶች ናቸው፤ የጨዋታው ጊታርም አምስት ቁልፍ አለው። ሰባት ድምፅ ያለውን ዜማ በአምስት ቁልፍ ላይ የሚያሰፍር ሰው ሁለት ድምፆችን በአንድ ቁልፍ ለማስቀመጥ ይገደዳል። እኛ ግን በሙሉ ትዝታ ዶን ለአረንጓዴ፣ ሬን ለቀይ፣ ሚን ለቢጫ፣ ሶልን ለሰማያዊ፣ ላን ለብርቱካናማ ሰጥተን ዜማውን እንዳለ ማስፈር እንችላለን። ተጫዋቹ ሳያውቀው ጣቱ ቅኝቱን ይማራል።

ሥራው የሚጀምረው ከድምፁ ነው። የሌላ ሰው ዘፈን አዘጋጅቶ ማሰራጨት ፈቃድ ይጠይቃል፤ በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች የሚጠበቁት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። በዚህም ምክንያት፣ ደግሞም ስለሚጣፍጥ፣ ክራርና ከበሮ የሚችል ዘመድ ወይም ጎረቤት ፈልገው ራስዎ ይቅዱ። በመጀመሪያ ከበሮውን ብቻውን ይቅዱ፤ ከዚያ ክራር መቺው በኤርፎን ከበሮውን እያዳመጠ ይጫወት፣ በመጨረሻ ዘፋኙ። በዚህ መንገድ እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ፋይል ይኖረዋል፣ ጌሙም ተጫዋቹ ሲስት የእርሱን ድምፅ ብቻ ማጥፋት ይችላል። ለቀረጻ ጥሩው ሰዓት ባጃጆቹ ገና ያልተነሡበት ማለዳ ነው። ኦዳሲቲ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ድምፆቹን ያጽዱና በሁሉም መጀመሪያ ላይ እኩል ሦስት ሰከንድ ዝምታ ይጨምሩ፤ አለበለዚያ የመጀመሪያው ኖታ ተጫዋቹ ሳይዘጋጅ ይደርሳል። ፋይሎቹን በኦጂጂ ዓይነት ያስቀምጧቸው።

ኖታውን የምናሰፍርበት ፕሮግራም ሙንስክሬፐር ይባላል፣ እርሱም በነጻ ይገኛል። ከኖታው በፊት ፍጥነቱን መስጠት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ችክችካ ስድስት ስምንተኛ ምት ነው፤ በአንድ ቤት ውስጥ፣ ማለትም በሁለት የኖታ መስመሮች መካከል ባለው ክፍል ውስጥ፣ ስድስት ትንንሽ ምቶች አሉ፣ እግራችን ግን ሁለት ጊዜ ብቻ ይረግጣል። የእግሩን ርግጫ ለ30 ሰከንድ ይቁጠሩና በሁለት ያባዙ። 60 ከቆጠሩ በደቂቃ 120 ማለት ነው። ፕሮግራሙ ግን የሚቆጥረው ሁለት ትንንሽ ምት የሚይዘውን ሩብ ኖታ ሲሆን የእኛ ርግጫ ሦስት ትንንሽ ምት ይይዛል። ስለዚህ 120ን በአንድ ተኩል አባዝተው 180 ብለው ይጻፉ፣ የምቱን ዓይነትም ስድስት ስምንተኛ ያድርጉ፣ ኖታ የሚያርፍበትን እርከን ደግሞ አንድ ስምንተኛ ላይ ይተዉት። 120 ብለው ቢተዉት የቤቱ መስመሮች ከከበሮው ጋር በፍጹም አይገናኙም፤ እኔ በዚህ ምክንያት አንድ ሙሉ ቅዳሜ አባክኛለሁ። በፕሮግራሙ አለካክ ሩብ ኖታ 192 ነጥብ፣ አንዱ ትንሽ ምት 96 ነጥብ፣ ሙሉው ቤት 576 ነጥብ ስለሚሆን ጥርጣሬ ሲገባዎት በዚህ ያረጋግጡ።

ሁለተኛው ፈተና ሰው የመታው ከበሮ እንደ ማሽን እኩል አለመሄዱ ነው። ዘፈኑ ሲሞቅ ከበሮ መቺው ይፈጥናል፤ መፍጠንም ይገባዋል፣ ጭፈራው የሚደምቀው በዚያ ነው። ስለዚህ በየአራት ቤቱ አዲስ የፍጥነት ምልክት ያስቀምጡ። የፕሮግራሙን መቁጠሪያ ከፍተው ዘፈኑን ያጫውቱ፤ የመቁጠሪያው ድምፅ ከከበሮው ሲቀድም ፍጥነቱን ትንሽ ይቀንሱ፣ ወደ ኋላ ሲቀር ይጨምሩ። ይህን ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው ይሥሩ፣ ምክንያቱም የፊተኛው ምልክት ሲነካ የኋለኞቹ ሁሉ ይንቀሳቀሳሉ። አንድ የአራት ደቂቃ ዘፈን ለዚህ ብቻ ሁለት ሦስት ሰዓት ይወስዳል። አይሰላቹ፤ ይህ ካልተስተካከለ ከዚህ በኋላ የሚሠራው ሁሉ ዋጋ የለውም።

ከዚያ ጊታሩን ያስፍሩ። ክራሩ በጣት አንድ በአንድ ሲነካ ነጠላ ኖታ፣ በመምቻ ሲመታ ሁለት ቁልፍ በአንድ ላይ ያድርጉ። ማሲንቆ ካለ ለሚሳበው ድምፅ ረጅም ኖታ ይስጡት። አስቸጋሪው ዜማው ከአምስቱ ድምፆች አልፎ ወደ ላይኛው ዶ ሲወጣ ነው። ዶ አረንጓዴ ነው ብለን ብንመልሰው ድምፁ እየወጣ ሳለ እጅ ወደ መጀመሪያው ቁልፍ ይመለሳል፣ ጆሮና እጅም ይጣላሉ። ያገኘሁት መፍትሔ ዘፋኙ በሚተነፍስበት ቦታ፣ ዜማው ባረፈበት ቅጽበት፣ መነሻውን መቀየር ነው፤ የሚቀጥለው ሐረግ ከፍ የሚል ከሆነ የሐረጉን ዝቅተኛ ድምፅ አረንጓዴ አድርገው እንደ አዲስ ይጀምሩ። በሐረግ መሐል ግን በጭራሽ አይቀይሩ።

ለድራሙ የከበሮውን ወፍራም ድምፅ ለእግር፣ ቀጭኑን ለቀይ፣ ጭብጨባውን ለቢጫ ይስጡ። ሰማያዊና አረንጓዴው ለጊዜው ባዶ ቢቀሩ ምንም አይደል። ሁልጊዜ ከከባዱ ደረጃ ይጀምሩና ለቀላሉ ደረጃ እግር በሚረግጥባቸው ምቶች ላይ ያሉትን ብቻ ያስቀሩ፤ እንዲህ ሲሆን ልጅም ቢጫወተው ጭፈራው አይጠፋም።

ድምፃዊው በያርግ ነጥብ እንዲያገኝ ከተፈለገ የዜማው ከፍታ ሚዲ በተባለው፣ ድምፁን ሳይሆን ኖታውን በሚመዘግበው የፋይል ዓይነት መሠራት አለበት፤ ለዚህ እንደ ሪፐር ያለ የሙዚቃ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ያስፈልጋል። የእንጉርጉሮውን እያንዳንዱን ጥምዝ ለመከተል አይሞክሩ፤ ድምፁ የሚያርፍበትን ዋና ከፍታ ብቻ ያስፍሩ፣ ዘፋኙ በመካከሉ እንደ ልቡ ያስጊጥ። ጌሙ የሚመዝነው የድምፁን ከፍታ እንጂ ቃሉን ስላልሆነ፣ በእኛ ቤት አንድ ዜማ አንድ ቀን በአማርኛ፣ አንድ ቀን በኦሮምኛ፣ አንድ ቀን በሶማልኛ ይዘፈናል። ግጥሙን ግን በትልልቅ ፊደል ወረቀት ላይ ጽፈው ከስክሪኑ ጎን ይለጥፉት።

ሲያበቁ የኖታውን ፋይልና ድምፆቹን በአንድ ፎልደር አድርገው ጌሙ ዘፈን ወደሚያነብበት ቦታ ይገልብጡና ዝርዝሩን እንደገና እንዲያነብ ያዝዙት። የመጀመሪያውን ሙከራ ያዘጋጀው ሰው አይጫወተው፤ እርሱ ኖታውን በቃሉ ስለሚያውቅ ስሕተቱ አይታየውም። ዘፈኑን ሰምቶ ኖታውን ያላየ ሰው ይጫወት፣ አዘጋጁም አጠገቡ ተቀምጦ ተጫዋቹ የሚሰናከልባቸውን ቤቶች በቁጥር ይመዝግብ። ተጫዋቹ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሦስቱንም ጊዜ በአንድ ቤት ላይ ከተሰናከለ የሚታረመው ኖታው ነው።